የበሽታ ስምና ዕዳው

ስም የሚጠራውን ነገር ለይቶ ከማሳወቅ አልፎ፣ አንዳንድ ጊዜ በሌላው ላይ ዕዳ ይጭናል። ለዚህም የበሽታዎች አሰያየም ታሪክ ምስክር ነው።

በ1495 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ የቻርልስ 8ኛ ሠራዊት በናፖሊ ሳለ ቂጥኝ በተዛመተ ጊዜ፣ ኢጣልያኖች «የፈረንሳዮች በሽታ» ሲሉት፣ ፈረንሳዮች ደግሞ «የናፖሊ በሽታ» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ነውሩን ከደጃቸው አርቀው በጎረቤት ደጅ ጣሉት። በሕክምና ቋንቋ የጸናው «ሲፊሊስ» የተባለው ስም ግን የቬሮናው ሐኪምና ባለቅኔ ጂሮላሞ ፍራካስቶሮ በ1530 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግጥም ውስጥ ከሚገኝ እረኛ ስም የተወሰደ ነው።

በ1918 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛም «የስፔን» ተባለ። ይህም የሆነው በሽታው ከስፔን ስለ ተነሣ አይደለም፤ ስፔን በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረችና ጋዜጦቿ የሕሙማኑን ወሬ በግልጽ ሲያትሙ፣ ተዋጊዎቹ መንግሥታት በሳንሱር ስለ ሸሸጉት ነው። እውነቱን የተናገረችው አገር ስሙን ተሸከመች።

ይኸው ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲያጠቃ፣ ሕዝባችን «የኅዳር በሽታ» አለው። በወሩ ሰየመው እንጂ በማንም ላይ አላላከከም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» መባሉም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በአገር ወይም በሕዝብ ስም እንዳይጠራ የመከረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የበሽታን ስም የምንጽፍና የምናስተምር የሙያ ባልደረቦችም ስሙ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድመን ልንመረምር ይገባናል።