የተራበ ደን፦ ከባቫሪያ እስከ ደንገጎ

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ሁላችንም ያልነው አንድ ነበር፦ «ደጋው ስለተራቆተ ነው»። ልክ ነው። ግን ከተራራው የወረደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም አብሮ ወርዷል። ያ ድፍርስ ጎርፍ የዛፍን ቀለብ ተሸክሞ ነበር የሄደው። ከዚያ ወዲህ ስለ ችግኝ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ አፈሩ ግን ብዙም አይወራም።

ዛፍም እንደ ሰው ይራባል። ይህን ጀርመኖች የተማሩት ዘግይተው፣ በብዙ ኪሳራ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ገበሬ ከደን የሚወስደው እንጨት ብቻ አልነበረም። ለከብቱ ጉዝጓዝ እንዲሆነው ከዛፍ ሥር የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ይወስድ ነበር። ጉዝጓዙ ፍግ ሆኖ እርሻ ላይ ይበተናል። እርሻው ጠገበ፣ ደኑ ጦሙን አደረ። ኤርንስት ኤበርማየር የተባለ የባቫሪያ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለዚሁ ርጋፊ ቅጠል አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቅጠሉን አቃጥሎ አመዱን እየመረመረ፣ ከደኑ ምን ያህል ማዕድን እንደሚወጣ በቁጥር አሳየ።

መቶ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደር ሽፒገል መጽሔት የደን ሞትን ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። ተጠያቂው የፋብሪካ ጭስ ያመጣው አሲዳማ ዝናብ ነው ተባለ። ዝናቡ እውነትም ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈር አጥቧል፤ ነገር ግን ያጠበው ቀድሞውንም የደኸየ አፈር ነበር። በፊሽተል ተራሮችና በጥቁር ደን የነበሩት ጥድ መሰል ዛፎች መርፌ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። የሚገርመው ቢጫ የሆነው አሮጌው ቅጠል ነው፤ አዲሱ አረንጓዴ ነበር። ዛፉ ማግኒዥየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለለጋው ይሰጣል፣ እናት በክፉ ቀን ከራሷ አፍ ቀንሳ ልጇን እንደምታጎርሰው። ተመራማሪዎች የማግኒዥየም ጨው ሲበትኑ ብዙዎቹ ዛፎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው አረንጓዴ ሆኑ። ይህ የሠራው ግን የጎደለው ማግኒዥየም በሆነበት ቦታ ብቻ ነው።

እኛስ? በምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ እንጦጦን ሲሸፍን፣ ቅጠሉ ለእንጀራ መጋገሪያ ሆነ። እናቶች ያን ቅጠል ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በሐረርጌም የማሽላው አገዳና ኩበቱ ምድጃ ይገባል። አልፈርድባቸውም፤ ሌላ ማገዶ ማን ሰጣቸው? ሒሳቡ ግን ያው የባቫሪያው ሒሳብ ነው።

ማዳበሪያ ስንል ደግሞ ለረጅም ዓመታት የምናውቀው ዳፕና ዩሪያን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሲሠራ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም በየቦታው እንደሚጎድሉ ታወቀ። ያ ሥራ ግን የታሰበው ለእርሻ መሬት ነው እንጂ ለደን አይደለም።

«እንግዲያው የጀርመኖቹን መድኃኒት እናምጣ» የሚል አይጠፋም። እዚህ ጋ ነው ጥንቃቄው። የድሬ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው። ለወለጋና ለጎጃም አሲዳማ አፈር ኖራ መድኃኒት ነው፤ ኖራ በበዛበት የእኛ አፈር ላይ ግን በሽታውን ማባባስ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረትና ዚንክ እያሉም ሥር ሊያነሳቸው አይችልም፤ የምንበትነው ፎስፈረስም ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ይቆለፋል። ምልክቱም የጀርመኑ ተቃራኒ ነው፦ ብረት ያጠረው ዛፍ ቢጫ የሚሆነው ከለጋው ቅጠል ጀምሮ ነው፤ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ በመሃሉ ያለው ይነጣል። የቅጠል ሥሩን ማለቴ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታወጀ። ቁጥሩ ላይ አልከራከርም። እኔ የምጠይቀው የሚተከልበት አፈር ተመርምሮ ያውቃል ወይ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እኮ ከደንገጎ ማዶ ነው፣ አፈር ሲያጠና ዕድሜውን የፈጀ ተቋም። ከየኮረብታው ጥቂት አፈርና ቅጠል ወስዶ ማስመርመር ችግኙን መልሶ መላልሶ ከመትከል አይረክስም? ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ቢያንስ በተከለለው ኮረብታ ላይ የረገፈው ቅጠል አይጠረግ፣ እርከኑም አይፍረስ፤ አፈሩ ሳይኖር ማዳበሪያ ብንበትን ደቻቱን ነው የምንቀልበው።

በሚቀጥለው ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ ወረድ በሉና አንዱን ችግኝ ተመልከቱት። ቢጫው የጀመረው ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ነው ወይስ ከጫፉ?