የተዘጋውን ስለ መክፈት

እጅ የተማረውን ሥራ መልካም ወይም ክፉ የሚያሰኘው የልብ አሳብ ነው። በአንድ ቢላዋ እናት ለልጆቿ ሽንኩርት ትከትፍበታለች፤ በዚያው ቢላዋ ወንበዴ መንገደኛ ያቆስልበታል። ሆኖም ቢላዋውን የከሰሰ ከሳሽ፣ በቢላዋውም ላይ የፈረደ ዳኛ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ይህ ነገር ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አሮጌ የጋን ቁልፍ ከገበያ ገዝቶ፣ ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ፣ መክፈቻውን ትቶ በቀጭን ብረት ሊከፍተው ሲታገል ወላጆቹ ቢያዩት ልባቸው ይደነግጣል። «ይህ ልጅ ወዴት ሊሄድ ነው?» ይላሉ። ሥጋታቸው በከንቱ አይደለም፤ ሌባም የሚጠቀምበት ጥበብ ነውና። ነገር ግን ልጁን ከመቆጣት በፊት፣ ከእርሱ አስቀድሞ በዚሁ ጥበብ የደከሙትን ሰዎች ታሪክ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንናገር። በየበሩ የምናየው ተራ ቁልፍ በውስጡ ጥቃቅን ዘንጎች አሉት፤ እያንዳንዱንም ሞላ ወደ ታች ይገፋዋል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ዘንጎቹን ሁሉ እንደየልካቸው ያነሣቸዋል፤ ያን ጊዜ በርሜሉ ይዞራል። ይህ አሳብ በጥንት ግብፃውያን የእንጨት ቁልፍ ዘንድ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጡት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነበሩት አሜሪካውያን አባትና ልጅ፣ ሁለቱ ላይነስ ዬል ናቸው። እንግዲህ የሰው እጅ የሠራው ብረት ሁሉ ጥቂት ጉድለት አያጣምና፣ በርሜሉን በቀስታ ሲያዞሩት ከዘንጎቹ አንዱ ከሌሎቹ አስቀድሞ ይነክሳል። ያለ መክፈቻ የሚከፍት ሰው ይህን በጣቱ ያዳምጣል፤ የነከሰውን ያነሣል፤ ቀጥሎ የሚነክሰውን ይፈልጋል። ጉልበት የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ረቂቅ ጣት ነው፤ የቸኮለ ሰው ሁልጊዜ እንደ ገና ይጀምራል።

በሎንዶን ከተማ ጆሴፍ ብራማ የሚባል ብልህ ሠራተኛ ነበረ። በ1784 ዓ.ም. ለአዲስ ቁልፉ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። በ1789 ዓ.ም. ሄንሪ ሞድስሌ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ቀጠረ። ይህ ወጣት በ12 ዓመቱ በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የባሩድ ቀለህ በመሙላት ሥራ የጀመረ የድኃ ልጅ ነበረ፤ ለብራማ ቁልፎች መሥሪያ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ፈለሰፈ፤ በኋላም በዓለም ከታወቁት የመኪና ሠሪዎች አንዱ ሆነ። ብራማም በ1790 ዓ.ም. 18 ስስ ብረቶች ያሉበትን አንድ የጋን ቁልፍ በሱቁ መስኮት ሰቅሎ፣ ይህን ያለ መክፈቻው ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ እሰጣለሁ ብሎ ጻፈበት። ይህም ቁልፍ በሞድስሌ እጅ እንደ ተሠራ ይነገራል። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ «ሞክሩኝ» ብሎ የጠራው ባለቤቱ ራሱ ነው።

በ1817 ዓ.ም. ደግሞ በፖርትስመዝ የመርከብ ሥፍራ ሌቦች ገብተው ስለ ሰረቁ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የማይደፈር ቁልፍ ለሚሠራ ሽልማት አቀረበ። ጄረማያ ቸብም በ1818 ዓ.ም. አንድ ድንቅ ቁልፍ ሠራ፤ ሌላ ሰው በተንኰል ሲነካካው ራሱን አስሮ ይቀራል፤ ባለቤቱም መክፈቻውን ሲያስገባ እንደ ተነካበት ያውቃል። ቀድሞ ቁልፍ ሠሪ ለነበረ አንድ እስረኛ ይህን ከከፈትህ ምሕረትና 100 ፓውንድ ታገኛለህ ተባለ። እስረኛው ወራት ያህል ደክሞ አቃተኝ አለ። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ ሕዝብ በእነዚህ ሁለት ቁልፎች ተማምኖ ተኛ።

ሕዝቡን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው አሜሪካዊው አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ ነው። በ1851 ዓ.ም. ለታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ወደ ሎንዶን መጥቶ ሁለቱንም ቁልፎች እከፍታለሁ አለ። በሐምሌ ወር ምስክሮች ባሉበት የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተ፤ ቀጥሎም በ7 ደቂቃ መልሶ ዘጋው። ከዚያም ወደ ብራማ ሱቅ ሄደ። ብራማ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበርና ወራሾቹ ፈቀዱለት፤ ውል ተጻፈ፤ ሦስት ዳኞች ተመረጡ። ሆብስ በ16 ቀኖች ውስጥ በጠቅላላው 51 ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ለ61 ዓመት አልከፈትም ያለውን ቁልፍ ከፈተው። 200ው ጊኒም ተከፈለው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ጩኸት ተነሣ። ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው ያሉ ነበሩ። ሆብስ ግን በ1853 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ የመለሰው አሳብ ባጭሩ ይህ ነበር፤ ሌቦች በሥራቸው ብልሆች ናቸውና ከእኛ የሚማሩት ጥቂት ነው፤ የቁልፉን ድካም የማያውቀው ገንዘቡን ተማምኖ ያስቀመጠው ቅን ሰው ነው፤ እንግዲህ እውነቱ ቢነገር የሚጠቀመው እርሱ ነው። እውነትም ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሠሪዎች ተሽቀዳድመው ሥራቸውን አሻሻሉ። ሆብስ ይመካበት የነበረውን የአሜሪካ ቁልፍ ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ልጁ ላይነስ ዬል ከፈተው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ማንም በማንም ላይ ሊኰራ አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ሰው እንለፍ። ሪቻርድ ፋይንማን በኋላ በ1965 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ገና 25 ዓመት ያህል ሲሆነው፣ የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ ተቀጥሮ ነበር። በትርፍ ጊዜው ቁልፍ ያለ መክፈቻ መክፈት ተማረ። ምስጢር የሚቀመጥባቸው ካዝናዎች በሦስት ቁጥሮች የሚከፈቱ ነበሩ። ሰው ሁሉ አንድ ሚሊዮን ዓይነት አሰላለፍ አላቸው ብሎ ያምን ነበር። እርሱ ግን ቁጥሩ በሁለት ቢዛነፍም ካዝናው እንደሚከፈት ስለ ደረሰበት፣ መሞከር የሚያስፈልገው 8000 ያህል ብቻ መሆኑን ተረዳ። ካዝናው ክፍት ሆኖ ሲቆይም የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በእጅ ዳስሶ ማወቅ እንደሚቻል አገኘ።

ራሱ እንደ ተረከው፣ ከጦርነቱ በኋላ አንድ ወረቀት ፈልጎ የባልንጀራውን ካዝናዎች ከፈተና በቀልድ የተጻፉ ማስታወሻዎች ትቶ ወጣ። ባልንጀራው ማስታወሻውን ባነበበ ጊዜ የአገሩ ምስጢር የተሰረቀ መስሎት ፊቱ ነጣ። ፋይንማን አንዳች ክፋት አላሰበም፤ ነገር ግን ባለቤቱን አልጠየቀም። ሆብስ ፈቃድ ጠይቆ፣ ውል ጽፎ፣ በዳኞች ፊት ያደረገውን፣ እርሱ በጨዋታ አደረገው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጣት ችሎታ አይደለም፤ «ይፈቀድልኛልን?» የምትለው አንዲት ቃል ናት።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ በወጣቱ ብቻ አልነበረም። ፋይንማን በኦክ ሪጅ አንድ ኮሎኔል ካዝናውን ከፍቶ አሳይቶት፣ በሥራ ጊዜ ክፍት አድርጎ መተው አደገኛ መሆኑን መክሮት ነበር። ኮሎኔሉም ምክሩን ሰምቶ ያደረገው ምንድን ነው? ፋይንማን በቢሮው የገባበት ሰው ሁሉ የካዝናውን ቁጥር እንዲለውጥ አዘዘ። ካዝናዎቹ እንደ ቀድሞው ክፍት ሆነው ዋሉ፤ የተፈራው ሰውየው ሆነ። ጐረቤት መጥቶ «አጥርህ ፈርሷል» ቢለው፣ አጥሩን ትቶ ጐረቤቱን እንደሚያባርር ሰው መሆኑ ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ በብዙ አገር እንደ ስፖርት ተቈጥሮ በማኅበር ይሠራል። በጀርመን አገር በሐምቡርግ በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመ የቁልፍ ወዳጆች ማኅበር አለ፤ በሆላንድም ቱል የተባለው ማኅበር ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ውድድር ያደርጋሉ፤ ያገኙትንም ጉድለት ለሠሪዎች ያስታውቃሉ። የሚጠብቁትም ደንብ በሁለት ቃል ያልቃል። አንደኛ፣ ያንተ ያልሆነውን ቁልፍ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አትንካ። ሁለተኛ፣ ያንተም ቢሆን በሥራ ላይ ያለውን ቁልፍ አትንካ። ሁለተኛው ደንብ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ የቤቱን በር ቁልፍ ሲለማመድበት ቢሰብረው፣ ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ በደጅ ይቀራል።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፤ ይህን ጥበብ ብትወድ አትፈር፤ ነገር ግን በስውር አትማረው። መሣሪያህን ለወላጆችህ አሳያቸው። በገንዘብህ የገዛኸውን ቁልፍ በጠረጴዛ ላይ ሥራበት። የአገርህ ሕግ ስለ መሣሪያው የሚለውን አስቀድመህ ጠይቅ፤ በአንዱ አገር የተፈቀደው በሌላው ያስጠይቃልና። መሣሪያውን በኪስህ ይዘህ በመንገድ አትዙር። ጓደኛህ «ያንን በር ክፈትልን» ቢልህ የማን በር እንደ ሆነ ጠይቀው፤ የእርሱ ካልሆነ እምቢ በለው። የሰው ቁልፍ ደካማ መሆኑን ብታውቅ ለባለቤቱ ለብቻው ንገረው እንጂ በአደባባይ አትመካበት።

እናንተም ወላጆች፣ ልጁን ከመከልከላችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሥራውን አስረዳን በሉት። በግልጽ የሚሠራ ልጅ ይነግራችኋል፤ ስትጠይቁትም ደስ ይለዋል። የሚደብቅ ከሆነ ግን ያን ጊዜ መመርመር ይገባል። ከልካይ ብቻ ያየ ልጅ መደበቅን ይማራል፤ ደንብ የተሰጠው ልጅ አደራን ይማራል።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ቁልፍ ሁሉ፣ የብራማም ይሁን የቸብ፣ በጊዜው የሚከፍተው ሰው ተገኝቶለታል። ስለዚህ ንብረታችንን የሚጠብቀው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ መክፈት እየቻሉ «የእኔ አይደለም» ብለው የሚያልፉ ሰዎች መኖራቸው ነው። ልጃችሁ ከእነዚህ አንዱ እንዲሆን ከወደዳችሁ፣ የጣቱን ጥበብ ሳትፈሩ ልቡን አስተምሩት።