ከፎቶ ቤቱ መጋረጃ እስከ ሐረጎ ጉም

ደሴ በዓለም ጋዜጦች ፎቶዋ የወጣው በክፉ ቀን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች እዚሁ ነበሩ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶም አገር ላገር ዞረ። እኔን የሚስበኝ ግን የሳሎን ግድግዳው ታሪክ ነው።

አያቴ ቤት አንድ የእንጨት ፍሬም ነበር፤ መስታወቱ ሥር የሰርጉም፣ የምርቃቱም፣ የመታወቂያውም ፎቶ ተሰግስጎበታል። አክስቴ የእጅ ሰዓቷ እንዲታይላት ክንዷን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። ከኋላዋ የተቀባ መጋረጃ አለ፤ የፈረንጅ ሐይቅ ከነዳክዬው። የእኛው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሳለ!

ያኔ ፎቶ ቤት የሚኬደው ልብስ ተተኩሶ፣ ፀጉር ቅባት ነክቶት ነው። አንድ ፊልም 36 ቢያነሣ ነው፤ ለጉምና ለድንጋይ ማን ያባክነዋል? ስልክ ካሜራ ሲያበጅ ግን ስስቱ ቀረ።

አሁን እንደኔ ፎቶ ማንሣት ለሚወድ ሰው ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት መውረድ ብቻውን ሥራ ነው። በመካከሉ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው የአይሱዙ መብራት ብቻ ይታያል፤ ታች ቦርከና ወንዝ ዳር ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል። ሰው ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ያነሣል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ፊት ያጠቁራል፣ አልወደውም።

ቤት ስሆን ፍላሽ አልነካም፤ ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋለሁ። እናቴ «ሲኒ ምኑ ይነሣል?» ትለኛለች።