«ዕጢ» ሲባል

መቱ፣ ጎሬ ወይም ያዮ ላይ «ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ታየ» ከተባለ ጎረቤት ለማጽናናት መሰብሰብ ይጀምራል። ቃሉ ነው የሚያስደነግጠው። አማርኛችን ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤናማ አካልም፣ ካንሰርንም፣ ሐኪሞች ሲስት የሚሉትንም በአንድ «ዕጢ» ይጠራል። ሲስት በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ነው፤ ከግሪክ የመጣው ስሙም ፊኛ እንደማለት ነው።

ከሲስት ዓይነቶች አንዱ አራክኖይድ ሲስት ነው። ብዙውን ጊዜ አብሮ የተወለደ ስለሆነ ምልክት ካላሳየ አይነካም። አንጎልን ወይም ሕብለ ሰረሰርን ከተጫነ ግን ግድግዳው ተከፍቶ ፈሳሹ ከአንጎል ዙሪያ ውሃ ጋር እንዲቀላቀል ይደረጋል፤ አለበለዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ይወርዳል። በመርፌ መምጠጥ ብቻ እምብዛም አያዛልቅም፤ ግድግዳው እስካለ ከረጢቱ ዳግም ሊሞላ ይችላል። «ተመለሰብኝ» ማለት ታዲያ «ካንሰር ሆነብኝ» ማለት አይደለም።

ከውሻ በሚተላለፈው ትል የሚመጣው ሃይዳቲድ ሲስት ለየት ይላል። በቀዶ ሕክምና ላይ ከፈነዳ ፈሳሹ በደረሰበት ሁሉ አዲስ ከረጢት ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በከረጢቱና በአንጎሉ መካከል ውሃ እየለቀቀ፣ ሳይነካካ ተንሳፍፎ እንዲወጣ ያደርገዋል። (ትዕግሥት ይሏል ይህ ነው!)

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለመቱ ሰው ግን ዛሬ ለዚህ ሕክምና በበደሌ በኩል ጅማ ይቀርባል። ከሆስፒታል ሲወጡ ግድግዳው ተከፍቶ ይሁን ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ የሚገልጽ ወረቀት ይጠይቁ፤ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።