አውሮፕላን በሰማይ ላይ የሚተወው ነጭ መስመርና የአየር ንብረት

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ከአዲ አርቃይና ከሌሎች የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን በስተኋላው ነጭ መስመር ሲተው ሊታይ ይችላል። መስመሩ ዝናብ ያስቀራል ወይ የሚለው ጥያቄ ኑሮው በክረምት ዝናብ ላይ ለተመሠረተ አርሶ አደር ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ምንነቱ
መስመሩ ጭስ ሳይሆን ደመና ነው። የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል የውሃ ተንና ደቃቅ ጥቀርሻ ይወጣል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስበት ከፍታ ተኑ በጥቀርሻው ላይ ተሰብስቦ ወደ በረዶ ቅንጣት ይለወጣል። ይህ ከፍታ ከራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ከእጥፍ በላይ ነው። ጎንደር ለማረፍ ዝቅ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች መስመር የማይተዉትም በዚያ ከፍታ አየሩ ይህን ያህል ስለማይቀዘቅዝ ነው።

የሚቆይበት ጊዜ
የላይኛው አየር ደረቅ ከሆነ መስመሩ ወዲያው ይጠፋል። አየሩ እርጥበት ካለው ግን ለሰዓታት ይቆያል፤ ተዘርግቶም ስስ ደመና ይሆናል።

በአየር ንብረት ላይ ያለው ተጽዕኖ
መስመሩ ቀን የፀሐይን ብርሃን በከፊል ወደ ላይ በመመለስ ያቀዘቅዛል፤ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት በመያዝ ደግሞ ያሞቃል። ሌሊት የሚመለስ የፀሐይ ብርሃን ስለሌለ ማሞቁ ብቻ ይቀራል። የሁለቱ ድምር ውጤት በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲታይ ማሞቅ ነው። የሰው ልጅ ለምድር መሞቅ ካደረገው አስተዋጽኦ ውስጥ የአቪዬሽን ድርሻ 3.5 በመቶ ገደማ እንደሆነ የተገመተ ሲሆን፣ ከዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ነጭ መስመሮቹና ከእነርሱ የሚፈጠሩት ደመናዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መስመሮቹ በሰዓታት ውስጥ ሲጠፉ፣ ከነዳጁ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቶ ዓመታት በአየር ውስጥ ይቆያል።

መስመሩና ዝናብ
የክረምት ዝናብ መጠን በዋናነት የሚወሰነው ከውቅያኖሶች እርጥበት በሚያመጡ ሰፋፊ የነፋስ ሥርዓቶች ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ለታየው የዝናብ እጥረት ዋነኛው ምክንያት የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር፣ ማለትም ኤልኒኖ ነበር። በመሆኑም የዝናብን መዘግየት ከነጭ መስመሩ ጋር ማያያዝም ሆነ መስመሩን አይቶ የዘር ጊዜን መወሰን ተገቢ አይደለም።

መረጃ የሚገኝበት
የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት የአየር ጠባይ ትንበያ ያወጣል። አርሶ አደሮች ትንበያውን ከአካባቢያቸው የመሬት ዓይነትና ሰብል ጋር ለማገናዘብ የቀበሌያቸውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይችላሉ።