ወለጋ ያልደረሰችው መርከብ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። የሚስበው ዘር የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ግን መቁጠር ያስፈልጋል። ወለጋ ውስጥ፣ ነቀምት ይሁን ጊምቢ፣ ነጆ ይሁን ቦጂ፣ ጋብቻ የታሰበለት ልጅ ሽማግሌዎች ፊት አባቶቹን መቁጠር ነበረበት። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያለ ጎሳው ድረስ ይወጣል። ሁለቱ ሐረጎች ቅርብ ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። እንግዲህ መዝገቡ የሰው አፍ ነው። ቆጣሪው ሲያርፍ መዝገቡም አብሮት ይቀበራል።

ጀርመኖች ሌላ መንገድ አላቸው። በብዙዎቹ አጥቢያዎች ቄሱ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን መጻፍ የጀመረው ከ16ኛውና ከ17ኛው መቶ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1876 ወዲህ ደግሞ መንግሥት ራሱ በመላ አገሪቱ ይመዘግባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቅድመ አያቱ ከጀርመን ተሰዶ ቴክሳስ ወይም ብራዚል የገባ ሰው ዛሬ የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ከመንደሩ የጥምቀት መዝገብ ጋር እያስተያየ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ከወለጋ ጋር ምን አገናኘው? ያገናኘችው አንዲት መርከብ ናት።

ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ሄርማንስቡርግ የምትባል መንደር አለች። እዚያ የሰፈሩት ጀርመኖች ልጆች ሐረጋቸውን ሲከተሉ የሚያገኟት የመጀመሪያዋ መርከብ «ካንዳሴ» ትባላለች። ይህች የእኛዋ ሕንደኬ ናት፤ በሐዋርያት ሥራ የጃንደረባው እመቤት የሆነችው የኢትዮጵያ ንግሥት። ስሙ በዘፈቀደ አልወጣም። በሰሜን ጀርመን የሄርማንስቡርግ ሚሲዮንን በ1849 የመሠረተው ፓስተር ሉድቪግ ሃርምስ ሰዎቹን ሊልክ ያሰበው ወደ ኦሮሞ ምድር ነበር። ሐሳቡን ያሳደረበት በሸዋ ተቀምጦ የነበረው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ክራፕፍ ኦሮሞዎችን «የአፍሪካ ጀርመኖች» እስከ ማለት የደረሰ ሰው ነበር።

በጥቅምት 1853 መርከቧ ከሐምቡርግ ተነሳች። ስምንት ሚሲዮናውያንና አብረዋቸው ሊሰፍሩ የተዘጋጁ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ተሳፍረውባታል። አፍሪካን ዞረው ሞምባሳ ሲደርሱ ግን የዛንዚባሩ ሱልጣን ሹም አላሳልፍም አለ። ተመለሱና ናታል ሰፈሩ። ሱልጣኑ «እለፉ» ብሎ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ቤተሰቦች ሐረግ በዙሉ አገር ፋንታ በኦሮሞ ምድር ይዘረጋ ነበር። የአንድ ሹም እምቢታ የስንቱን ዘር አቅጣጫ እንደሚያስቀይር ልብ ይሏል!

የሄርማንስቡርግ ሰዎች አሳባቸውን አልተዉም። ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ወለጋ ውስጥ አይራ ላይ ጣቢያቸውን ከፈቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጀርመኖቹን ሲያስወጡ ምእመኑን የጠበቁት እነ ቄስ ዳፋ ጃሞ፣ ያገሩ ልጆች፣ ናቸው።

ሌላው የጀርመን ሐረግ በሰሜን በኩል የገባው ነው። ከአንሃልት የመጣው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን፣ ቀጥሎም አፄ ቴዎድሮስን አገለገለ። ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳት ልጁ ወለተ ኢየሱስ፣ በጀርመኖቹ አጠራር ካታሪና፣ ለቴዎድሮስ መድፍ ከሚያቀልጡት አንዱ የነበረውን የፖላንድ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልን አገባች። ልጃቸው ማግዳሌና በ1868፣ መቅደላ በወደቀችበት ዓመት ተወለደች። ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥቶ ኋላ ያፋ ሰፈረ። ማግዳሌና ባሮን ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭን አግብታ ዮናን ወለደች፤ ዮና ደግሞ ለንደን ላይ በ1921 ፒተርን ወለደ። በ2004 ያረፈው ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ማለት ይህ ሰው ነው። የቴዎድሮስ ዘመን ኢትዮጵያዊት የሆሊውድ ሰው ቅድመ አያት መሆኗ የታወቀው አንድ ሰው ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ አያት ወረቀት እየያዘ ሊወጣ ስለቻለ ነው።

አሁን ወደ ነቀምት እንመለስ። በ1904 ነቀምት ገብቶ በ1931 እዚያው እስኪያርፍ ያስተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ሂካ ተብሎ ተወልዶ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ሰው ነው። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በ1872 ተጠምቆ አዲስ ስም አገኘ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ለመሸጥ በመርከብ ስትወሰድ የተረፈች ናት። ሁለቱ የደከሙበት ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው ባዝል አጠገብ፣ ቅድስት ክሪሾና ነው። ከቴዎድሮስ የጋፋት አንጥረኞች አብዛኞቹን የላከው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያለበት ኮረብታ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። የሄርማንስቡርግ ገበሬ ልጅ ስምንትና ዘጠኝ ትውልድ በወረቀት ይቆጥራል። አንደበቱ ያልተነካ የወለጋ ገበሬ ደግሞ በቃሉ ይቆጥራል። ከመንደሩ ተነጥቆ የተሸጠ ልጅ ግን ሁለቱንም ያጣል። ቃሉ ከእናት አባቱ ዘንድ ይቀራል፤ የሚያገኘው መዝገብ የሚጀምረው ከተጠመቀበት ቀን ነው። ለስንት ሺህ ሰው ዘር ቆጠራ «የተሸጠ» በሚለው ቃል ላይ ይቆማል። ለኦሮምኛ የጽሑፍ ቋንቋ መሠረት ከጣሉት መካከል ሁለቱ ከዚህ ወገን መሆናቸውን ሳስብ ይገርመኛል።

ለመሆኑ እኛ የት ላይ ነን? ወለጋ ጨርሶ ያለ ወረቀት የኖረ አገር አይደለም። የነቀምት ገዢዎች የእነ ኩምሳ ሞረዳ ቤት ደብዳቤዎች ተርፈው አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ በ2004 በመጽሐፍ አውጥተዋቸዋል፤ የተጻፉትም በአማርኛ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ወረቀት በይበልጥ ሹሙንና ግብር ከፋዩን እንጂ ተራውን እናት አያስታውስም። የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራው የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከጀርመኖቹ በ140 ዓመት ዘግይቶ። በመሐሉ የተወለድነው ሁላችን መዝገባችን የሽማግሌ አፍና የአጥቢያ ደብተር ብቻ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወለጋ በተካሄደው ግጭት ስንት ሰው ከቀዬው እንደተፈናቀለ እናውቃለን። የተፈናቀለ ሰው ከቤቱና ከከብቱ ሌላ «አባትህን አውቀዋለሁ» የሚለውን ጎረቤቱንም ያጣል።

የናታሉ ጀርመን ሐረጉን የሚያገኘው ከእኛ የበለጠ አያቱን ስለሚወድ አይደለም። ስሙ ሳያውቀው በአንድ የመንደር ቄስ እጅ ስለተጻፈለት ነው። ለእኛ ልጆች ያ ጸሐፊ ማን ነው? አይራም ሆነ ቦጂ ያሉ የአጥቢያ ደብተሮች ምስጥ ሳይቀድማቸው ፎቶ ቢነሱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቤታችንም አለን። ሰባት አባት የሚቆጥር ሽማግሌ ካለ ዛሬ ይጻፍለት፤ ሲጻፍም እናቶቹ አይዘለሉ። ወለተ ኢየሱስን በስም የምንጠራት ስሟ ከአንድ የአውሮፓ ቤተሰብ ወረቀት ጋር ስለተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት መቅደላ ላይ ልጅ የታቀፉ ሌሎች እናቶች ስማቸውን የሚነግረን አላገኘንም።