በአኦርታ ቀዶ ሕክምና የኅብለ ሰረሰር ጥበቃ ታሪክ

ከልብ የሚነሳው ዋናው የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ደረት ውስጥ አብጦ ሲጠገን ለጊዜው በመቆንጠጫ ይያዛል። በዚያ ሰዓት ከመቆንጠጫው በታች ያሉት ኩላሊት፣ አንጀትና ኅብለ ሰረሰር ደም ያጥራቸዋል። የቀደሙት ሐኪሞች መራራ ገጠመኝ ይህ ነበር፦ ቧንቧው ይጠገናል፣ ሕይወት ይተርፋል፣ ታማሚው ግን ሲነቃ እግሮቹ አይታዘዙለትም።

የኅብለ ሰረሰርን ደም ሥሮች የሕክምና ተመራማሪው አልበርት አዳምኪየቪች በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በዝርዝር ገልጿል። የሂዩስተኑ ቀዶ ሐኪም ስታንሊ ክሮፎርድ ደግሞ የአኦርታን ቅርንጫፎች ከውስጥ የመስፋት ዘዴን አስፋፋ። ሆኖም በ1993 እ.ኤ.አ. በታተመው የ1,509 ታማሚዎቹ ውጤት 16 በመቶው እግራቸው ሽባ ሆኗል ወይም ደክሟል። ትልቁን ለውጥ ያመጣው አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። በታችኛው ጀርባ ይገባል፤ የኅብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ ሲወጣ ግፊቱ ይረግባል፣ ደምም መግቢያ ያገኛል። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ የጆሴፍ ኮሴሊና ባልደረቦቹ ጥናት ጉዳቱ ከ13 ወደ 2.6 በመቶ ወርዷል። ኩላሊትን ለማዳንም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይሰጣል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ አንድ የልብ ማዕከል በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2009 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት ከዲጋ ወይም ከነቀምቴ የሚነሳ ታማሚ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የተቀደደ አኦርታ ግን ጊዜ አይሰጥም።